እንደ ስምህ አድርግ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለተከበርከው የመዝገብ ቤት ሰው፣

ሰላምታዬ መስኮትህ ፊት ከተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ቀድሞ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔና ልጄ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን ለእማዬ ስታነብላት ጮክ በል። አንተ ስታነብ ውሳኔ የምታሰማ ነው የሚመስልህ፣ ለእሷ ጆሮ ግን ይሄው ይሻላታል። በስልክ ስንገናኝ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ይቋረጣል። ደብዳቤ ግን ሦስቴ ታስነብብሃለች ብለኸኛልና ይኸው ጻፍኩ።

ሥራዬ ያው ነው። የትልቁ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። አንሶላውን ሁለት ሰው ወጥሮ ይይዝና ለሚሽከረከረው ትኩስ ብረት ያጎርሰዋል። እኔ በግራ ጫፍ ነኝ፤ በቀኝ ጫፍ እንደ እኔው ከሌላ አገር የመጣች አንዲት ሴት አለች፣ ረጅሟ እንላታለን። በጊዜ ካለቀቅን ብረቱ እጃችንንም አብሮ ይተኩሰዋል። መስኮት የሚባል ነገር የለም። ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ከላይ በሚወርድልን ጭቃ የነካው ፎጣ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን አለ። ሰሞኑን የሚያወራው ስለ እኛ ነው። እኛ ስልህ ወረቀት ስለሌለን ሰዎች። አንዱ ባለ ክራቫት በየመሥሪያ ቤቱ ገብተን አንድ በአንድ እንለቅማቸዋለን ይላል። ሌላው ደግሞ መቀጣት ያለበት የሚቀጥራቸው ነው ይላል። ጨዋዎች ናቸው፤ አንዱ ሲያስለው ሌላው ውሃ ያቀብለዋል። እኛ ዓይናችንን ሳህናችን ላይ ተክለን እንበላለን። ትናንት አለቃችን መጥታ ቴሌቪዥኑን ዘጋችውና «እናንተን ማለታቸው አይደለም፤ እናንተ ሠራተኞች ናችሁ» አለችን። ረጅሟ «ታዲያ ማንን ነው?» አለቻት። አለቃችን ሻይዋን ይዛ ወጣች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የልደት ማስረጃዬን ግልባጭ እንድትልክልኝ ከጠየቅሁህ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ለልጄ ትምህርት ቤት ነበር የፈለግሁት፤ እሷ ክፍል ጨርሳ ወደሚቀጥለው አለፈች፣ ወረቀቱ ግን የለም። ለባዳውስ ይሁን፣ ለእህትህም «ነገ ና» ነህ? ለእኔ ሲሆን እንኳ አስተካክለህ «ነገ ነይ» ማለት ነበረብህ። አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና የፍጥነት ስም አወጡልህ። የሰፈሩ ሰው ግን መስኮትህ ፊት ቆሞ ቆሞ «ነገ ና» የሚል ሌላ ስም አወጣልህ፣ የጸናውም እሱ ነው። ብትቆጣም እውነቴን ነው።

የእማዬን ፎቶ ላክልኝ። ልጄ አያቷን በድምፅ ብቻ ነው የምታውቃት።

እህትህ

•

ኅዳር 19

ጉዳዩ፦ ሰላምታ ስለማቅረብ እና ለቀረበው አቤቱታ መልስ ስለመስጠት

ለውድ እህቴ፣

በጥቅምት 6 ቀን የተጻፈው ደብዳቤሽ ደርሶኝ ከነስድቡ ተመልክቼዋለሁ። ለጤናሽና ለልጅሽ ጤና ያለኝን ምኞት አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ግን ወንበሩ ሳይቀየር አይሻለውም፣ ወንበሩም ከተጠየቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ እኔንም «ነገ ና» የሚል አለቃ እንዳለብኝ ይታወቅልኝ።

አክስቴ ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አስነበቡኝ። በየመጨረሻው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቼ ትመጣለች አለች?» አልጻፈችም ስላቸው ወረቀቱን ተቀብለው ገልብጠው ያዩታል፤ ከጀርባው የጻፍሽ እየመሰላቸው።

ማስረጃውን በሚመለከት፣ መዝገቡ ተገኝቷል፤ ፎርሙ ተሞልቷል፤ የሚፈርሙት ኃላፊ ግን ስብሰባ ላይ ናቸው። ማኅተም ሰው በለመነ ቁጥር ዱብ የሚል ነገር አይደለም። ዛሬ ለአንቺ ቸኩዬ ብመታ ነገ ለማን እንቢ እላለሁ?

ስለ ስብሰባ ካነሳን፣ እኛም ዘንድ ወሬው የአንቺው አገር ወሬ ነው። ከወንዙ ማዶ እየተሻገሩ የሚገቡ ጡብ ሠሪዎች በዝተዋል። ባለፈው እሑድ በአዳራሹ ሕዝብ ተሰብስቦ ምን እናድርጋቸው በሚል መከረ። አንዱ ሥራችንን ወሰዱ አለ፣ አንዱ ደግሞ እነሱ የሚሠሩትን ሥራ እናንተ መቼ ሠርታችሁት ታውቃላችሁ አለ፤ ሊደባደቡ ደረሱ። እኔም ተነሣሁ። በር ያለው ቤት በሩ ይንኳኳል፤ በመስኮት የገባውን ማንም ቢሆን አስወጥቶ በበሩ ግባ ማለት ጭካኔ አይደለም፣ ሥርዓት ነው አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ሰው እንዲህ አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

የአክስቴን ክፍል ግድግዳ የሚሠራልን ጡብ ሠሪ ራሱ ከማዶ የመጣ ነው። እጁ መልካም ነው፤ ጡቡን አንድ በአንድ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ ነው የሚያስቀምጠው። በነጋታው አቀርቅሮ ሲሠራ አየሁትና «አንተን ማለቴ አይደለም» አልኩት። አንቺንም ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በይ።

ፎቶው ተያይዟል። አክስቴ ፎቶ ሲነሡ ጥርስ ማሳየት አይወዱምና እንዳዘኑ አይቆጠር።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ወንድምሽ

•

ታኅሣሥ 11

ለጭብጨባው ጌታ፣ ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ ወይ? እኔ ሰላም ነኝ። ፎቶው ደርሶኝ ልጄ ትራስ ሥር አስገብታዋለች። እማዬ ከስታለች። ለምን አልነገርከኝም?

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ። «አንቺን ማለቴ አይደለም» ትለኛለህ? ወንድሜ፣ ይህን ቃል አለቃዬ ብላኛለች፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ብሎኛል፤ ሁሉም ሰው ብሎኛል። የሚያውቀኝ ሁሉ እኔን ማለቱ አይደለም። ታዲያ ሊመጡ የሚችሉት የማያውቁኝ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ማንን ማለታቸው እንዳልሆነ አይጠይቁም። ያ ጡብ ሠሪ ምን መለሰልህ? አልጻፍክም።

አጠገባችን ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ይኖራሉ። ደግ ሰው ናቸው። ዕቃዬን ደረጃ ያወጡልኛል፣ እኔ አምሽቼ ስሠራ ልጄን ይጠብቁልኛል፣ ሰዓት ማንበብ እያስተማሯት ነው። መስኮታቸው ላይ ደግሞ «ሕገወጦች ይውጡልን» የሚል ሰሌዳ ሰቅለዋል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ፊደል እየቆጠረች ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ማታ «እማ፣ ሕገወጥ ምንድን ነው?» አለችኝ። እሳቸውን ጠይቃ ወረቀት የሌለው ሰው ነው ብለዋታል። «እኔ ወረቀት አለኝ?» አለች። አለሽ አልኳት። «አንቺስ?» ሳህን እያጠብኩ ነበር። ቧንቧውን ከፈትኩትና ያልሰማሁ መሰልኩ።

ለእማዬ የማታነበው ይህን ነው፤ ዝለለው። የልጄ አባት፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ጥሎን ቢሄድም ወረቀት ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ልጅቷ በሕግ የዚህ አገር ናት። እኔን ቢይዙኝ እኔን ያስወጣሉ፣ እሷ ትቀራለች። አሠሪዬ ብታባርረኝ፣ እጄ ቢቃጠል፣ ከቤት ብወጣ ምንም አይደለም። የምፈራው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ስትለየኝ ዞራ እንድታየኝ እጠራታለሁ። ምክንያት ስለሌለኝ «አፍንጫሽን ጥረጊ» እላታለሁ። አፍንጫዋ ንጹሕ ነው።

ማስረጃውን ተወው። አሁን አያስፈልገኝም። አንተም ወንበርህ እስኪመጣ ዕረፍ።

እህትህ

•

ጥር 30

ጉዳዩ፦ ስምን ስለማስከበር

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ደብዳቤሽ ደርሶኝ፣ መልስ ለመስጠት በሥራ ብዛት የዘገየሁ ስለሆነ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። አሁን «ሥራ ብዛት» ስል እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ።

በጥቅምቱ ደብዳቤሽ በዚያ «ነገ ና» በሚለው ቅጽል ስም ጽፈሽልኛል። ሰፈሩ ሲለኝ አልሰማም። ከአንቺ ሲመጣ ግን ሆዴ ገባ። አብረን ነው ያደግነው። አባቴ ያወጡልኝ ስም የፈጣን ሰው ስም መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሩጫ ስትቀድሚኝ «ስምህን መልስ» እያልሽ ታስለቅሽኝ ነበር። አንድ ቀን የአንቺ ጉዳይ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ያን ቀን የማን ልጅ እንደሆንኩ ታያለሽ። ይህን ለመዝገብ ይያዝልኝ።

የአክስቴ ጉልበት ብሷል። ከአልጋ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ ነው። «ሳላያት» ብለው ይጀምሩና ይተዉታል። ምን ልበላቸው?

ጡብ ሠሪዎቹን የሚመዘግብ ኮሚቴ ተቋቁሞ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው ብለዋል። የእኛው ጡብ ሠሪ ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልመጣም። ግድግዳው ወገብ ላይ ቆሟል። ላስቲክ ወጥሬበታለሁ፤ ነፋስ ሲነሣ ስለሚንጣጣ አክስቴ ሰው የመጣ ይመስላቸዋል። ምን መለሰልህ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ውሃ ነው የጠየቀኝ።

አንቺም ብትሆኚ ቀርበሽ አመልክቺ እንጂ። ሕግ ሰውን የሚበላው ሲሸሸው ነው።

ወንድምሽ

•

መጋቢት 4

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለእማዬ፣ ሰላም ይህን ከመላኩ በፊት ለሚያነበው ለአገሬ ልጅ። እዚህ የእኛን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አለ፤ የምንጽፈውን ሁሉ ያያል። ስለዚህ ጽሑፌ አጭርና ጨዋ ነው።

የካቲት 20 ረፋድ ላይ መጡ። አንሶላ ወጥረን ይዘን ነበር። ረጅሟ በሩን ስታይ ለቃ ሮጠች። እኔ አልለቀቅሁም፤ ለምን እንዳልለቀቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ምናልባት አንሶላው መሬት እንዳይነካ ይሆናል። ግራ እጄን ትንሽ ለበለበኝ፤ አክመውኛል። አለቃችን እያለቀሰች «እሷን አይደለም፣ እሷን እኮ አይደለም» ስትላቸው ሰማኋት።

ያለሁት ስምንት አልጋ ያለው ክፍል ነው። ጠረጴዛውም ወንበሩም በብሎን ከመሬት ጋር ታስሯል። ምግብ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ። ልጄ ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ናት፤ አባቷ ከመንገድ እስኪመለስ። እሁድ ይዘዋት መጡ። በመስታወት ነው የሚያገናኙት። እሳቸው ቆባቸውን አውልቀው ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ዓይኔን ማየት አልቻሉም። እሷ ግን የግድግዳውን ሰዓት አንብባ አሰማችኝ። አልተሳሳተችም።

አንዲት ጠበቃ በነፃ ይዛልኛለች። ጥሩ ሴት ናት። እዚህ ሰው ለዘላለም አይቀመጥም፣ ቀን አለው ብላኛለች። እኔም ቀኑን እቆጥራለሁ።

አሁን ከልብህ ስማኝ። ማንነቴን የሚጠይቅ ወረቀት ከዚህ ተጽፎ፣ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ወደ አንተ ይመጣል። ሲመጣ፣ በእናቶቻችን ይዤሃለሁ፣ እንደ ስምህ አድርግ። ሌላ ምንም አልለምንህም። ያን የልደት ማስረጃ ስጠይቅህ እንዴት እንዳስተናገድከኝ አልረሳሁትም፤ ወረቀቱ እጅህ ሲገባ እሱን አስታውስ። እንደ ስምህ።

ለእማዬ ሥራ በዝቶባት ነው በላት።

እህትህ

•

መጋቢት 22

ጉዳዩ፦ አደራን በዕለቱ ስለመፈጸም

ለውድ እህቴ፣

አይዞሽ! አሁኑኑ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ወረቀቱ መጣ፣ ወጣም!

ደብዳቤሽን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። «እንዴት እንዳስተናገድከኝ አልረሳሁትም» ያልሽው እንደ ጩቤ ነው የወጋኝ፤ ሲገባኝም ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለአንዲት ግልባጭ ማመላለሴ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ለራሴ ማልኩ።

ሰኞ መጋቢት 19 ቀን በሦስት ሰዓት ፖስታው ተከፈተ። ከላይ ያለው በእኛ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ «ይህች ሴት በእናንተ መዝገብ ያለች መሆኗ ተረጋግጦ እንዲላክ» ይላል። ከሥሩ በእነሱ ቋንቋ የሆነ ሌላ ገጽ አለ። መስኮቱን ዘጋሁ። ተሰላፊው ተንጫጫ፤ ይንጫጫ። መዝገቡን ራሴ አወረድኩ፣ ራሴ ገለበጥኩ፣ ኃላፊውን ከስብሰባ አስጠርቼ ኮሪደር ላይ አስፈረምኳቸው። በአምስት ሰዓት ተኩል ማኅተሙ አርፎበታል። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። ጽዳቷ ሳትቀር መጥታ አየች።

በፖስታ ይዘገያል ብዬ አላመንኩትም። ፈቃድ ወስጄ አውቶቡስ ተሳፍሬ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ በእጄ አደረስኩት። ተቀባዩ ልጅ «እናንተ ዘንድ ምን ነካችሁ? እንዲህ ቶሎ የመለሰልን የለም» አለኝ። የአባቴን ስም ጠርቼ የእሳቸው ልጅ ነኝ አልኩት።

አሁን ማን መሆንሽ ታውቋል። እንግዲህ የመኖሪያ ፈቃዱን ሲሰጡሽ መጀመሪያ ለማን እንደምትጽፊ አውቃለሁ። ለአክስቴ ነግሬያቸው እልል አሉ፤ ደግፌያቸው በላስቲኩ አጠገብ ቆሙ።

እንደ ስሜ አደረግሁ። እንደ ስሜ!

ወንድምሽ

•

ሚያዝያ 9

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። የሚያነብልን የአገሬ ልጅ ራሱ ነው ያመጣልኝ። ሰጥቶኝ አልሄደም፤ አንብቤ እስክጨርስ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ዛሬ ደብቄ የምጽፈው ነገር የለም። እዚህ አንድን ሰው ማስቀመጥ የሚችሉት ዘጠና ቀን ነው። በዘጠና ቀን ውስጥ አገሩ «አዎ የእኔ ነው» ብሎ ካላረጋገጠ የሚመልሱበት ወረቀት የላቸውም፤ በር ከፍተው ይለቁታል፣ በየወሩ እየመጣ ይፈርማል፣ ከልጁ ጋር ይኖራል። ጠበቃዋ «ያንቺ አገር መሥሪያ ቤቶች ቶሎ ይመልሳሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳቅሁ። ከተያዝኩ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ፋይሌ እጁ የሚገባው ሰው «ነገ ና» የሚባል የአክስቴ ልጅ ነው፣ ዘጠና ቀን ለእሱ የምሳ ሰዓት እንኳ አይሆነውም አልኳት። እሷም ሳቀች።

ማኅተም ያረፈበት መልስህ እዚህ ሲደርስ ሠላሳ ሦስተኛው ቀን ላይ ነበርኩ።

እንደ ስምህ ያልኩህ እንደዚያኛው ስምህ ነበር፤ ሰው ባወጣልህ። እንዳስተናገድከኝ ያልኩህም እንደዚያው አድርግልኝ ለማለት ነበር። ልወቅስህ አልነበረም።

ሁለተኛውን ገጽ ለማን አስነበብከው? «የምትመለስበትን ሰነድ ለማዘጋጀት» ይላል።

የልጄ አባት ልጅቷን ወስዷታል። አልሰጥም አለ። ዳኛውም በሕግ ትክክል ነው አሉ፤ ፊታቸውን አየሁት፣ ክፉ ሰው አይደሉም።

የምሳፈረው የፊታችን ሐሙስ ነው። ለእማዬ እመጣለሁ በላት። ደስ ይበላት።

•

ሐምሌ 2

እህቴ፣

ጉዳዩ የሚለውን ጽፌ ሰረዝኩት። ምን እንደምጽፍበት አጣሁ።

ለተመላሾች ማረፊያ ሦስት ጊዜ ጽፌ አልመለስሽም። አክስቴን በአውቶቡስ ላክልኝ ያልሽበት ብጣሽ ወረቀት ሲደርሰኝ ግን በዚያው ሳምንት ላክኋቸው። ሳሳፍራቸው «አየህ፣ መጣችልኝ፣ አንተ ነህ ያመጣህልኝ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ምነው በጥፊ ባሉኝ ብዬ ተመኘሁ። ምንም አልነገርኳቸውም። አንቺም እንዳልነገርሻቸው ገባኝ፤ ምርቃት ይልኩልኛልና።

ሁለተኛውን ገጽ ለማንም አላስነበብኩትም። በዚህ መስኮት ሃያ ሁለት ዓመት ሰው መልሻለሁ፣ ሁለተኛው ገጽ አልተሟላም፣ ከጀርባው አልተፈረመም እያልኩ። አሮጊት ከሩቅ ገጠር አመላልሻለሁ። የአንቺን ግን ገልብጬ እንኳ አላየሁትም። ከልጅሽ ጋር ተያይዘሽ እንድትኖሪ ነበር ሐሳቤ። ማልቀስ አይቻለኝም፤ መስኮቱ ፊት ሰው አለ።

ጡብ ሠሪዎቹን ሰኔ 14 በጭነት መኪና ጫኗቸው። ስማቸውን የያዘው ዝርዝር የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጠሪው እያነበበ አንድም ስም አልተሳሳተም። የእኛው ሰው ሲጠራ ተነሥቶ ሄደ። መኪናው ላይ ወጥቶ አየኝ። እኔን ማለቱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። በክረምቱ ዝናብ ግማሹ ግድግዳ መፍረስ ጀምሯል። የሚሠራ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ከአዳራሹ ጭብጨባ የተረፈኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ከአንቺ ወዲህ እንደ አንቺ ያለ ወረቀት ሦስት መጥቷል። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት፤ አላውቃቸውም። ከመሳቢያዬ ሥር ካርቦን ወረቀት ውስጥ ናቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ደወለ፤ መዝገቡ እየተፈለገ ነው አልኳቸው። ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። እንደ አንቺ ዘጠና ቀን እየቆጠርኩ ነው። የመጀመሪያው ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ልምጣ?

ወንድምሽ

•

መስከረም 15

ለአክስቴ ልጅ፣

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ መርቃሃለች። ጉልበቷ እንዳለ ነው። የተከራየሁት ክፍል ደረጃ ስላለው ደጅ አትወጣም፤ መስኮት ላይ ተቀምጣ ስገባ ስወጣ ታየኛለች። ደስተኛ ናት። ልጄን «መቼ ታመጫታለሽ?» ትለኛለች።

ሥራ ይዣለሁ፤ ልብስ ንጽሕና ቤት ነው። እዚህ ማሽን የለም፣ በእጅ ካውያ ነው። ግራ እጄ ሙቀት ስለማይወድ በቀኜ እተኩሳለሁ። ከሥራ መልስ የልጄ አገር ኤምባሲ በር ላይ እሰለፋለሁ። በበሩ ግቢ አላልክም? ይኸው እያንኳኳሁ ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ጨዋ ነው። አንድ ወረቀት ይጎድላል ይለኛል፤ አምጥቼ ስሄድ ሌላ ይጎድላል። እኔ የገባሁበትን መንገድ ስለሚያውቁ አምስት ዓመት መጠበቅ ሊኖርብኝ ይችላል ብሎኛል። እንዲህ ሲለኝ ፊቱ ላይ አንተን ፈለግሁ። አትመሳሰሉም።

አልተቀየምኩህም ብልህ እዋሻለሁ። ተቀይሜሃለሁ። ጠዋት ስነሣ ተቀይሜህ ነው የምነሣው፣ ከዚያ እማዬ ስላንተ ስታወራ አብሬያት እስቃለሁ። ስለዚህ አትምጣ፣ ገና ነው። የጻፍከውን ግን አንብቤዋለሁ። በመሳቢያህ ስላሉት ሰዎች መልስ ያልሰጠሁህ ረስቼ አይደለም፤ ቀናቸው ሳይሞላ ደብዳቤዬ ደርሶ ሐሳብህን እንዳያስቀይርህ ፈርቼ ነው። አሁን የመጀመሪያው ሞልቶታል። ሴቲቱስ? እስክትሞላ አትንካት። ከሥራ ቢያስወጡህ እኛ ጋ አልጋ አይጠፋም፤ ያኔ መምጣት ትችላለህ።

እሁድ እሁድ ልጄን በስልክ አገኛታለሁ። አባቷ መንገድ ላይ ሲሆን ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ያስቀምጣታል፤ እሳቸው ይደውሉልኛል። ሰሌዳው አሁንም መስኮቱ ላይ ነው ብላኛለች። ስልኩን ሲሰጧት መጀመሪያ የግድግዳውን ሰዓት ታነብልኛለች፣ ቀጥላ እኔ ዘንድ ስንት እንደሆነ ቆጥራ ትነግረኛለች። ተሳስታ አታውቅም። ከዚያ «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች።

«ነገ» እላታለሁ።

እህትህ